«ስለ እኛ ወረዳ የተጻፈ ነገር የለም» ከማለታችሁ በፊት፦ የኦንላይን ቤተ መጻሕፍት የጥናት ቋት አጠቃቀም

ደብረ ብርሃን ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት ሲደርስ አንድ ጥያቄ እየተመላለሰ ይመጣብኛል። ተማሪው የመመረቂያ ርዕሱን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው በመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ ይጽፋል፤ «ምንም ውጤት አልተገኘም» የሚል መልስ ያገኛል፤ ከዚያ ይጠራኛል። «ጋሼ፣ ስለ እኛ ወረዳ የተጻፈ ነገር የለም ማለት ነው?» ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴና ከአንኮበር ለክረምት ትምህርት የሚመጡ መምህራንም ወረዳቸው ከተመለሱ በኋላ በስልክ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈ ነገር አለ፤ የጎደለው አጠያየቁ ነው። የመረጃ ቋት፣ ማለትም ጥናቶች ተሰብስበው በኢንተርኔት የሚፈለጉበት ማከማቻ፣ የጠያቂውን ሐሳብ አይረዳም። የተጻፈለትን ቃል በውስጡ ካሉት ጽሑፎች ቃላት ጋር ያገጣጥማል እንጂ። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከወረቀት ላይ ነው።

መመሪያውን በአንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን። ርዕሳችሁ «በሰሜን ሸዋ ዞን ባሶና ወራና ወረዳ የባቄላ ቆርምድ በሽታ ስርጭትና የገበሬው የመከላከያ ዘዴ» ነው እንበል። የናንተ ርዕስ ስለ ትምህርት ወይም ስለ ጤና ቢሆንም አካሄዱ አይለወጥም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• አንድ ሉክ ወረቀትና እስክሪብቶ
• ኢንተርኔት ያለው ኮምፒውተር። ስልክ ለማንበብ ይሆናል፤ ለፍለጋ ግን ማጣሪያዎቹ በትንሽ ስክሪን ላይ ስለሚደበቁ አያመችም።
• የተቋማችሁ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ የሚገኝ
• የምትከፍቱት የግል ኢሜይል
• ዞተሮ የተባለው ነጻ የማጣቀሻ ማደራጃ ፕሮግራም። ከሌለ ደብተር ይበቃል።
• ከቫይረስ የጸዳ ፍላሽ

1. ርዕሱን በወረቀት ላይ በትኑት

ኮምፒውተሩን ሳትከፍቱ ርዕሱን ጻፉና ዋና ዋና ሐሳቦቹን አስምሩባቸው። በምሳሌያችን ሦስት ናቸው፦ ሰብሉ፣ በሽታው፣ ቦታው። «ስርጭት»፣ «ግምገማ»፣ «ተጽዕኖ»፣ «ዘዴ» የሚሉትን ለጊዜው ተዉአቸው።

ይህ የሚደረገው ቋቱ የጻፋችሁለትን ቃል ሁሉ ስለሚቆጥር ነው። አሥራ አምስት ቃል ያለው ርዕስ ስታስገቡ አሥራ አምስቱንም የያዘ ጽሑፍ አምጣልኝ ማለታችሁ ነው። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ደግሞ ገና እናንተ የምትጽፉት ነው።

2. ለእያንዳንዱ ሐሳብ ስሞቹን ሁሉ ሰብስቡ

ከሁሉም በላይ ጊዜ መስጠት ያለባችሁ እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱን በሦስት ዓምድ ክፈሉትና ከየሐሳቡ ሥር ሰዎች የሚጠሩበትን ስም ሁሉ በእንግሊዝኛ ጻፉ።

ሰብሉ፦ ባቄላን አንዱ ጸሐፊ «ፋባ ቢን»፣ ሌላው «ፋቫ ቢን»፣ ሌላው «ብሮድ ቢን» ይለዋል። ሳይንሳዊ ስሙ «ቪሺያ ፋባ» ነው። ሳይንሳዊውን ስም ፈጽሞ አትርሱ፤ በየአገሩ የማይለወጠው እሱ ነው።

በሽታው፦ ገበሬው ቆርምድ የሚለው፣ ቅጠሉንና ግንዱን እያሳበጠ የሚያጨማድደው በሽታ በጥናቶቹ ውስጥ «ፋባ ቢን ጎል» ይባላል። «ጎል» የሚጻፈው በጂ፣ በኤ እና በሁለት ኤል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። በመጀመሪያዎቹ ጥናቶች የበሽታው መንስኤ «ኦልፒዲየም» ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። በኋላ በዘረ መል የተደረገ ምርመራ መንስኤው «ፊዞደርማ» እንደሆነ አሳየ። በአሮጌው ስም ብቻ የፈለገ ሰው አዲሶቹን ጥናቶች ያጣል፤ በአዲሱ ብቻ የፈለገ ደግሞ የቀደሙትን። ሁለቱንም ጻፉ። «ቆርምድ» የሚለውንም በኪው እና በኬ ፊደል አድርጋችሁ መዝግቡት፤ የአገራችን ተመራማሪዎች አንዳንድ ጊዜ የአካባቢውን ስም ይጠቅሳሉ።

ቦታው፦ የእኛ አገር የቦታ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ ወጥ አይደለም። «ሸዋ»ን አንዱ በኢ እና በደብልዩ፣ ሌላው በኦ እና በደብልዩ፣ ሦስተኛው ደብልዩውን ትቶ በኦ እና በኤ ብቻ ይጽፈዋል። «ሰሜን» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛው «ኖርዝ» የሚመልስ አለ፤ እንዳለ የሚተወውም አለ። «ብርሃን» አንድ ጊዜ በኢ፣ አንድ ጊዜ በአይ ይጻፋል፤ ከ«ደብረ» ጋር ተጣብቆም ተለያይቶም ይገኛል። ስለ ደብረ ብርሃን የተጻፈውን ሁሉ የምትፈልጉ ከሆነ አራቱንም አጻጻፍ መሞከር ግድ ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር። ብዙ የግብርና ጥናት አካባቢያችንን በዞኑ ስም አይጠራውም፤ «የኢትዮጵያ ማዕከላዊ ደጋ» ብሎ ያልፋል። የወረዳው ስም የሚገኘው ውስጥ ገብታችሁ የጥናቱን ዘዴ ስታነቡ ነው። «ሴንትራል ሃይላንድስ» የሚለውን በቦታው ዓምድ ጨምሩ።

3. ለጉዳዩ የሚስማማውን ቋት ምረጡ

ሁሉን ነገር የያዘ አንድ ቋት የለም። ከተሳሳተ ቋት ውስጥ በትክክለኛ ቃል መፈለግ በግ ተራ ገብቶ እህል እንደመጠየቅ ነው።

• ሪሰርች ፎር ላይፍ፦ የክፍያ ጆርናሎችን ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ተቋማት የሚከፍት ነው። አጎራ ለግብርና፣ ሂናሪ ለጤና፣ ኦአሬ ለአካባቢ ጥበቃ፣ አርዲ ለቴክኖሎጂ፣ ጎአሊ ለሕግ የተዘጋጁ ክፍሎቹ ናቸው። የይለፍ ቃሉ የሚሰጠው ለተቋም እንጂ ለግለሰብ አይደለም። ለምሳሌያችን መነሻችን አጎራ ነው።
• አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን፦ በአፍሪካ የሚታተሙ፣ የኢትዮጵያንም የሚጨምሩ ጆርናሎች እዚህ አሉ። ስለ አገራችን የተጻፈ ነገር ለማግኘት ብዙ ጊዜ ከትልልቆቹ ዓለም አቀፍ ቋቶች ይሻላል።
• ዶአጅ፦ ሙሉ በሙሉ በነጻ የሚነበቡ ጆርናሎች ማውጫ ነው።
• ፐብሜድ እና ፐብሜድ ሴንትራል፦ ለጤና ተማሪዎች። የመጀመሪያው በዋናነት አኅጽሮተ ጥናት (በእንግሊዝኛ «አብስትራክት» የሚባለውን የጥናቱን አጭር ማጠቃለያ) ያሳያል፤ ሙሉውን ጽሑፍ በነጻ የያዘው ሁለተኛው ነው። ሁለቱን አታምታቱ።
• ጄስቶር፦ ለታሪክ፣ ለቋንቋና ለማኅበራዊ ሳይንስ። በነጻ በሚከፈት የግል መለያ በወር እስከ 100 ጽሑፍ ስክሪን ላይ ማንበብ ይቻላል፤ ማውረድን ግን አይጨምርም።
• የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ፦ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ሥራዎችን ይዟል። ስለ አንድ ወረዳ የተጻፈ ነገር ከጆርናል ይልቅ እዚህ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው።
• ጉግል ስኮላር፦ የጽሑፍ ጠቋሚ እንጂ የጽሑፍ ማከማቻ አይደለም። የት እንዳለ ያሳያችኋል፤ የጠቆማችሁ ቦታ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል።

4. በተቋማችሁ በር ግቡ

«ትናንት ግቢ ውስጥ የተከፈተልኝ ጽሑፍ ዛሬ ቤቴ ብር ጠየቀኝ» የሚል ስሞታ በየሳምንቱ እሰማለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ብዙ ቋቶች ተማሪውን የሚለዩት በሚጠቀምበት ኔትወርክ ነው። በግቢው ኔትወርክ ስትገቡ ተቋሙን ያውቃሉ፤ በስልክ ዳታ ስትገቡ ማንነታችሁን አያውቁም።

ከግቢ ስትወጡ የምትገቡበት የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል እንዳለ ባለሙያውን ጠይቁ። የክረምት ተማሪዎች ይህን ወደ ወረዳችሁ ሳትመለሱ ጨርሱ። መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ከገባችሁ በኋላ በስልክ ማስተካከል ከባድ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የተቋሙን የይለፍ ቃል በቴሌግራም ቡድን ላይ አትለጥፉ፤ በአንድ ጊዜ በመቶ የሚቆጠር ጽሑፍም አታውርዱ። አሳታሚዎቹ ከአንድ ተቋም ያልተለመደ የማውረድ ብዛት ሲያዩ ይዘጋሉ። የሚዘጋው በእናንተ ላይ ብቻ አይደለም፤ በግቢው ሁሉ ላይ ነው።

5. ፍለጋውን አቀናብሩ

«አድቫንስድ ሰርች» የሚለውን ክፈቱ። በተደራረቡት ሳጥኖች ውስጥ አንድ ዓምድ ለአንድ ሳጥን እያደረጋችሁ ወረቀታችሁ ላይ ያለውን በእንግሊዝኛ ፊደል አስገቡ።

• የመጀመሪያው ሳጥን፦ “ፋባ ቢን” ኦር “ፋቫ ቢን” ኦር “ብሮድ ቢን” ኦር “ቪሺያ ፋባ”
• ሁለተኛው ሳጥን፦ ጎል ኦር ኦልፒዲየም ኦር ፊዞደርማ
• ሦስተኛው ሳጥን፦ ኢትዮጵያ

በሳጥኖቹ መካከል ያለው ማያያዣ «ኤንድ» መሆኑን አረጋግጡ።

«ኦር» በአንድ ሐሳብ ስሞች መካከል ይገባል፤ «ከእነዚህ አንዱ ቢኖር ይበቃኛል» ማለት ስለሆነ ውጤቱን ያበዛል። «ኤንድ» በተለያዩ ሐሳቦች መካከል ይገባል፤ «ሁሉም ይኑሩ» ማለት ስለሆነ ውጤቱን ያጠብባል። ቦታቸውን ያቀያየረ ሰው ወይ ባዶ፣ ወይ መቶ ሺህ ውጤት ያገኛል። ሁለቱንም ቃላት በትልልቅ ፊደላት ጻፉ፤ አንዳንድ ቋት በትንንሽ ፊደል ከተጻፉ እንደ ተራ ቃል ይቆጥራቸዋል። ትምህርተ ጥቅሱ ሁለቱ ቃላት ሳይለያዩ እንዲፈለጉ ያደርጋል። ቋቱ አንድ ሳጥን ብቻ ካለው በ«ኦር» የተያያዙትን በቅንፍ ውስጥ አስገቧቸው።

«ኖት» የሚባል ሦስተኛ ቃልም አለ፤ ጀማሪ ባይነካው ይሻላል። አንድን ቃል ለማስወገድ ስትሉ ያ ቃል በአጋጣሚ የተጠቀሰበትን ምርጥ ጽሑፍም ታስወግዳላችሁ።

በሦስተኛው ሳጥን ወረዳውን ትቼ «ኢትዮጵያ» ያልኩት በምክንያት ነው። ቋቱ በብዛት የሚፈትሸው ርዕሱን፣ አኅጽሮተ ጥናቱንና ቁልፍ ቃላቱን ነው። የወረዳው ስም እነዚህ ውስጥ ከሌለ ጽሑፉ አይመጣላችሁም። ከሰፊው ጀምሩ፤ ውጤቱ ሲበዛባችሁ ብቻ «ሸዋ»ን ከነአጻጻፎቹ ጨምሩ።

6. ማጣሪያዎቹን በመጠኑ ተጠቀሙ

ከውጤቱ ጎን ዓመተ ምሕረት፣ ቋንቋና የጽሑፍ ዓይነት የሚመረጥበት ማጣሪያ አለ። መጀመሪያ ዓመቱን ብቻ ገድቡ።

ቋቶቹ የሚቆጥሩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። አማካሪያችሁ «ከ2010 ወዲህ ያሉትን ብቻ» ካሏችሁ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቋቸው። በእኛ 2010 ከሆነ ማጣሪያው ላይ የሚጻፈው 2017 ነው። ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ይደመራል። ይህን ሳይጠይቁ የሰባት ዓመት አሮጌ ጽሑፍ ሰብስበው ከአማካሪያቸው ፊት የተሳቀቁ ተማሪዎች አይቻለሁ።

7. ከአንድ ጥሩ ጽሑፍ ወደ አሥር ተሻገሩ

ውጤቱ ሲመጣ ሁሉን አታውርዱ። ርዕሱን አንብቡ፤ ከሳባችሁ አኅጽሮተ ጥናቱን፤ እሱም ከሳባችሁ የጥናቱ ቦታ የት እንደሆነ ተመልከቱ። ውጤቱ ባዶ ከሆነ መጀመሪያ የቦታውን ሳጥን አጥፉና እንደገና ፈልጉ።

ለርዕሳችሁ የሚቀርብ አንድ ጽሑፍ ስታገኙ ቆም በሉ። ሦስት ነገር ታደርጉበታላችሁ።

ሀ. ቁልፍ ቃላቱን ተመልከቱ። ያልጻፋችኋቸው ካሉ ወደ ወረቀታችሁ ጨምራችሁ ደረጃ 5ን ድገሙ። የመስኩ ሰዎች የሚጠቀሙበት ቃል ይህ ነው።
ለ. የዋቢ ጽሑፎቹን ዝርዝር አንብቡ። ጸሐፊው ከእናንተ በፊት የደከመበት ፍለጋ ነው፤ ወደ ኋላ ይመራችኋል።
ሐ. በጉግል ስኮላር ርዕሱን ፈልጉና «ሳይትድ ባይ» የሚለውን ተጫኑ። ከዚያ በኋላ ያንን ጽሑፍ የጠቀሱት ይዘረዘራሉ፤ ወደ ፊት ይመራችኋል።

ባለፈው ዓመት ከመንዝ የመጣች ተማሪ ስለ መንዝ በግ እርባታ አንድም ነገር አላገኘሁም ብላ መጣች። ርዕሷን ወደ ሁለት ቃል አሳንሰን፣ «መንዝ»ን በኢ እና በኤ ጽፈን ፈለግን። ከወጡት አንዱን ስንከፍት ቁልፍ ቃላቱ ውስጥ «ኮሚዩኒቲ ቤዝድ ብሪዲንግ» የሚል ነበረ፤ በማኅበረሰብ ላይ የተመሠረተ የዝርያ ማሻሻያ ማለት ነው። ያንን ቃል አስገብታ ስትፈልግ ስክሪኑ ሞላ። ለሁለት ሳምንት የለም ያለችው ነገር የተሰየመበትን ቃል ሳታውቅ ቆይታ ነበር።

8. የኢትዮጵያውያንን ስም በሁለት መንገድ ፈልጉ

ቋቶቹ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም ነው ብለው ይወስዱታል። አበበ ከበደ የተባለ ተመራማሪ «ከበደ፣ አ.» ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ አንድ ጊዜ በራሱ ስም፣ አንድ ጊዜ በአባቱ ስም ፈልጉ። ዞተሮም በማጣቀሻው ላይ ይህንኑ ይደግማል፤ ትምህርት ክፍላችሁ የኢትዮጵያውያን ስም በራስ ስም እንዲጀምር ካዘዘ በእጃችሁ አስተካክሉት። ሁለቱን አጻጻፍ በአንድ ዝርዝር ውስጥ መቀላቀል ያስነቅፋል።

9. ሙሉውን ጽሑፍ ያለ ክፍያ አግኙ

ገጹ ዶላር ሲጠይቃችሁ አትክፈሉ፤ አትዝጉትም። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

ሀ. በተቋሙ የይለፍ ቃል መግባታችሁን አረጋግጡ።
ለ. ርዕሱን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ በጉግል ስኮላር ፈልጉ፤ ከሥሩ ሌሎች ቅጂዎችን የሚያሳየውን መስመር ተጫኑ። ጸሐፊው በዩኒቨርሲቲው ማከማቻ ያስቀመጠው ነጻ ቅጂ ሊኖር ይችላል።
ሐ. አንፔይዎል የተባለውን ነጻ ማሟያ በብራውዘራችሁ ላይ ጫኑ፤ ሕጋዊ ነጻ ቅጂ ካለ ይጠቁማል።
መ. ለጸሐፊው ኢሜይል ጻፉ። አድራሻው አብዛኛውን ጊዜ ከአኅጽሮተ ጥናቱ አጠገብ አለ። ማን እንደሆናችሁ፣ የትኛውን ጽሑፍ ለምን እንደፈለጋችሁ በአራት መስመር ግለጹ። ተመራማሪ ሥራው ሲነበብለት ደስ ይለዋል፤ ብዙዎቹ ይልካሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ በነጻ ያገኛችሁት ከመታተሙ በፊት የነበረው ረቂቅ ከሆነ የገጽ ቁጥሩና አንዳንድ አኃዝ ከታተመው ሊለይ ይችላል። የምትጠቅሱት የትኛውን እንደሆነ ለዩ።

10. ወዲያው አስቀምጡ፣ ወዲያው መዝግቡ

መብራትና ኔትወርክ ሳይነግሩ ይሄዳሉ። መጀመሪያ አውርዱ፤ ማንበቡ በኋላ ይደርሳል። ፋይሉ በቁጥርና በፊደል የተዘበራረቀ ስም ይዞ ስለሚወርድ ስሙን ለውጡት፦ የጸሐፊ ስም፣ ዓመት፣ አንድ ቃል። በጋራ ኮምፒውተር ላይ ከሠራችሁ ከመለያችሁ ውጡ፤ ፋይሉንም በፍላሽ ብቻ ሳይሆን ወደ ኢሜይላችሁም ላኩት። የጋራ ኮምፒውተር ቫይረስ የበላው ፍላሽ ይዞ የሚያለቅስ ተማሪ ማየት ያሳዝነኛል።

በደብተር ላይ ደግሞ ቀኑን፣ ቋቱን፣ ያስገባችኋቸውን ቃላትና የውጤቱን ብዛት ጻፉ። አማካሪያችሁ «የት የት ፈለግህ?» ሲሉ መልሱ ይህ ነው። የሥነ ጽሑፍ ዳሰሳ ለሚሠሩ ደግሞ የዘዴው ምዕራፍ ከዚህ ይጻፋል።

ተደጋጋሚ ስህተቶች

• በአማርኛ ብቻ ወይም በእንግሊዝኛ ብቻ መፈለግ። ስለ ቋንቋ፣ ስለ ታሪክና ስለ ባህል የምታጠኑ በሁለቱም ሞክሩ። በአማርኛ ስትፈልጉ «ሠ» እና «ሰ»፣ «ሐ»፣ «ኀ» እና «ሀ» ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ እያቀያየራችሁ ጻፉ።
• አኅጽሮተ ጥናቱን ብቻ አንብቦ ጽሑፉን መጥቀስ። የናሙናው ብዛትና የጥናቱ ውስንነት ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ አይገኝም።
• ከሌላ ጽሑፍ ውስጥ ዋቢ ገልብጦ እንዳነበቡት ማስመሰል። ዋናው ጽሑፍ ላይ የገጽ ስህተት ካለ ስህተቱም አብሮ ይገለበጣል፤ ፈታኞች የሚያውቁትም በዚህ ነው።
• ገንዘብ ተቀብሎ ያለ ገምጋሚ የሚያትም ጆርናልን ማመን። የጆርናሉን ስም በዶአጅ ፈትሹ። እዚያ ባይኖር ወዲያው መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ግን አማካሪያችሁን ሳትጠይቁ አትጥቀሱት።
• በአንድ ቋት ባዶ ሲወጣ ማቆም። ቢያንስ ሦስት ቋት ሞክሩ።

ሦስቱም ባዶ ከሆኑባችሁ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ ሂዱ፤ ስትሄዱ ግን ባለ ሦስት ዓምዱን ወረቀትና ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ። የትኛውን ቃል በየትኛው ቋት እንደሞከራችሁ ሲያይ ከቆማችሁበት ይቀጥልላችኋል። ባዶ እጃችሁን ከሄዳችሁ ግን ሁለታችሁም ከደረጃ 1 ትጀምራላችሁ።